የተቀባው ወስፌ

ሰም ሲቀልጥ የሚሸተው ሽታ ለሌላው ሰው የበዓል ሽታ ነው፤ ለእኔ ግን የቂም ነው። ከቤቴ ወደ ገበያው ስወርድ ጧፍ የሚሠራበት አንድ ትንሽ ቤት አለ። ሰሙ እሳት ላይ ሲወጣ ያ ጣፋጭ፣ ትንሽ ጭስ ጭስ የሚል ሽታ መንገዱን ይሞላዋል፤ እኔም ሳልወድ በግዴ ሠላሳ ዓመት ገደማ ወደ ኋላ እመለሳለሁ። ሰሞኑን በዚያ ደጃፍ ላለማለፍ ብዬ በላይኛው ዳገት ዞሬ መሄድ ጀምሬያለሁ። ጉልበቴ ቢያማርርም ይሻለኛል። ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ፤ መጀመሪያ ስለ ጌታነህ ላውራ። ፊት ለፊት ስንገናኝ አንቱ ነው የምለው። እዚህ ወረቀት ላይ ግን አንተ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንቱታዬን በልቷል፣ ይበቃዋል።

ሰቆጣ ስመጣ ገና ጎረምሳ ነበርኩ። የተወለድኩት ወረኢሉ ነው፤ የብረታ ብረት ሙያ ተምሬ ስጨርስ ዕጣዬ ወደ ዋግ ወጣ። እናቴ «ሁለት ዓመት ምን አላት፣ ቻለው» ብላ ሸኘችኝ። ያ ሁለት ዓመት ይኸው እስከ ዛሬ አላለቀም። ከወልድያ በጭነት መኪና፣ በስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ አቧራ እየቃምኩ ገባሁ። አዲስ ቡናማ ሱሪ ለብሼ ነበር፤ ስወርድ ግን ቡናማ ይሁን ነጭ የሚለይ ሰው አልነበረም። ያኔ መናኸሪያው ጥግ ላይ አንዲት ሻይ ቤት ነበረች። ሻይ በስሙኒ፣ ዳቦ ሲጨመርበት ሃምሳ ሳንቲም። ባለቤትየዋ በስኳሩ ማንንም አታምንም፣ በገዛ እጇ ነበር የምትጨምረው፤ ደመወዝ ሰሞን ሁለት ማንኪያ፣ ወር ሲጋመስ አንድ። የካሴት ማጫወቻዋ ባትሪ ሲደክም ዘፋኙ እንቅልፉ እንደመጣ ሰው ይጎተትባታል፤ ያን ጊዜ ባትሪዎቹን አውጥታ ድንጋይ ላይ ፀሐይ ታስመታቸዋለች፤ እኛም ዘፈኑ እስኪነቃ ሻያችንን ሳንጨርስ እንጠብቃለን። ዛሬ በዚያ ጥግ ላይ ባጃጆች ተኮልኩለው ይቆማሉ፤ ሙዚቃው ባትሪ አይደክመው፣ ሰው አያዳምጠው።

የዛሬው ኮሌጅ በዚያ ዘመን ማሠልጠኛ ነበር የሚባለው፤ ሁለት የቆርቆሮ መጋዘንና አንድ የድንጋይ ቤት። አንደኛው መጋዘን የእንጨት ሥራ፣ ሁለተኛው የብረታ ብረት። የብረታ ብረቱ ሥራ የእኔ ነበር፤ የክፍሉ ኃላፊ ደግሞ ጌታነህ። እኛ ካኪ ጋዋን ስንለብስ እሱ ግራጫ ኮት፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ደረት ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ፣ አንዱ ቀይ። በር ላይ ይቆምና እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ «እንዴት ነው፣ እየሄደ ነው?» ይላል። «እየሄደ ነው» እንለዋለን። ከዚያ እሱ ይሄዳል። እዚያ መጋዘን ውስጥ አንድ ምስማር በእጁ ሲያነሣ አይቼው አላውቅም። ሌላዋ ሰው አበሩ ነበረች፤ የዚያው የዋግ፣ የዝቋላ ልጅ፣ በጽዳት ሠራተኝነት የተቀጠረች። አማርኛውን አስባ አስባ ነው የምትናገረው፤ ለብቻዋ ስትሆን ግን በአገሯ ቋንቋ፣ በኽምጣንጋ ታንጎራጉራለች። የብረት ብናኙን ጠርጋ ስትጨርስ በሩ ሥር ተቀምጣ ስንደዶዋን ታወጣና ሌማት ትሰፋለች። ወስፌዋ ከሹሩባዋ ውስጥ ተለይቶ አያውቅም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የማሠልጠኛውን ብስክሌት ገልብጬ ሳጥብ ጎማውን በኃይል አዞርኩት፤ ጭቃው ተፈናጥሮ ሄዶ የአበሩን ነጠላ አበላሸው። ደንግጬ ይቅርታ ስጠይቃት እሷ ሳቀች፤ የሚዞረውን ጎማ እያየችም የሆነ ነገር አለች። ያን ጊዜ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። የዋግን ነጭ ማር የቀመሰ ሰው ያውቀዋል፤ ግን ገበያ ሲወጣ ነጭነቱ የት ይገኛል? በእጅ ሲጨመቅ እጩም፣ ንቡም፣ ማሩን የያዘው የሰም እንጀራ ሰፈፉም አብሮ ይወጣና መልኩ ይጠፋል። ጎማው ጭቃውን አሽቀንጥሮ ራሱ ንጹሕ ሆኖ እንደቀረ፣ ከበሮ ውስጥ የሚዞር ሰፈፍም ማሩን አሽቀንጥሮ ባዶውን ይቀራል። ሦስት ወር ከሥራ ሰዓት ውጪ ለፋሁበት። በርሜሉ የእርዳታ ዘይት የመጣበት ነው፤ በአመድና በፈላ ውኃ ስንት ጊዜ እንዳጠብነው አልቆጠርኩም። ጥርሱና ሰንሰለቱ ከዚያው ብስክሌት ተፈታ። ውስጡን በወንፊት ሽቦ ከበብኩት። ስበይድ ሁለት ጊዜ ጣቴን ተቃጠልኩ፤ ጠባሳው ዛሬም አለ።

መጨረሻ ላይ አንድ ችግር ቀረ። ሰፈፉን ስንጭን አንደኛው ጎን ሲከብድ ከበሮው በራሱ ዞሮ እጃችንን ይመታናል። ማቆሚያ ልሠራለት ቁራጭ ብረት ስፈልግ፣ አበሩ ወስፌዋን ከሹሩባዋ መዘዘችና በዘንጉ አንገት ላይ ባለች ቀዳዳ ሰካችው። ከበሮው ቀጥ አለ። «ሌላ እስኪገኝ» አለች። ሌላ አልተገኘም፤ ስናዞር እየመዘዝን፣ ስናቆም እየሰካን እዚያው ቀረ። መጀመሪያ የወጣው ማር እንደ ወተት ነጭ ነበር። በጣቴ ስቀምሰው፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ እንባዬ መጣ።

እንግዶች ከክልል መጡ። አንድ ባርኔጣ ያደረጉ፣ ዕድሜ የጠገቡ ሰው ነበሩ ዋናው። ማሩን ቀመሱ፣ እንደገና ቀመሱ፣ ከበሮውን አዞሩት፤ ከዚያ ቀና ብለው «ይህን የሠራው ማን ነው?» አሉ። እንግዲህ ፍረዱኝ። ሰው ቤት ገብታችሁ ማዕድ ሲቀርብ «ብሉ» ይሏችኋል፤ አንጀታችሁ እየጮኸ «በልተን ነው የመጣነው» ትላላችሁ። «በሞቴ!» ይሏችኋል፤ «ኧረ ይተዉን» ትላላችሁ። በሦስተኛው እጃችሁን ትታጠባላችሁ። ምስጋናም እንደዚያው ነው። ሲቀርብልህ መጀመሪያ ለታላቅህ ታሳልፋለህ፤ ታላቅህ መልሶ ያጎርስሃል። ይህን የማያውቅ ሰው በአገራችን አላደገም። እኔም እጄን በጋዋኔ እየጠረግሁ «ኧረ እኔ ብቻዬን ምን እሆናለሁ! መምህር ጌታነህ ናቸው ሁሉን ያስተባበሩት» አልኩ። ቀጥሎ የእሱ ተራ ነበር። «የለም፣ የለም፣ እሱ ነው የለፋው» ሊል፣ እኔ አንገቴን ልደፋ፣ ነገሩ በክብር ሊያልቅ ነው። ጌታነህ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈና «አመሰግናለሁ» አለ። እኔ «በልቻለሁ» እንዳልኩ ማዕዱ ተነሣ።

የዓመቱ መጨረሻ ላይ ምስጉን ሠራተኛ ተባለ። ጋቢ አለበሱት፣ ትልቅ ባለ ሁለት ድምፅ ማጉያ ቴፕ ሸለሙት፣ ከሁሉም በላይ ለማሠልጠኛው የተሰጠችውን አንዲት የዲግሪ ትምህርት ዕድል ሰጡት። ያቺን ዕድል እኔ ሌሊት በሕልሜ፣ ቀን በምኞቴ ስጠብቃት የኖርኩ ነኝ። እሱ አዲስ አበባ ሄደ፤ ባለ ዲግሪ ሆኖ ተመለሰ፤ የማሠልጠኛው ሁሉ ኃላፊ ሆነ፤ ኋላም ማሠልጠኛው ኮሌጅ ሲሆን ዲን። እኔ በዚያው በዲፕሎማዬ፣ በዚያው ጋዋን፣ በዚያው መጋዘን ቆይቼ፣ በጉልበቴ ሕመም ከጊዜዬ ቀድሜ ጡረታ ወጣሁ። በሽልማቱ ቀን አጨብጭቤለታለሁ፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። የቤታችን አጥር አንድ ነበርና ቅዳሜ ከሰዓት ቴፑን መስኮት ላይ አውጥቶ ሲያጫውት ዘፈኑ እኔ ግቢ ይገባል። ልብሴን እያጠብኩ፣ በኔ ላብ የተገዛ ዘፈን ስሰማ ኖርኩ። ሰው «ጊዜ ይሽረዋል» ይላል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚለውን ደግሞ ያው ሰው ነው የሚተርተው። የንስሐ አባቴ «ይቅር በለው ልጄ» ይሉኛል፤ «እሺ አባቴ» እላለሁ፤ ከግቢው በር ሳልወጣ ቂሜን መልሼ እይዘዋለሁ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። በየዓመቱ የምስጉን ሠራተኛ ሽልማት ሲሰጥ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ፣ አንድ ቀን በሰው ፊት እንዴት እንደማዋርደው እያሰብኩ ነበር የማጨበጭበው።

ቀኑ ዘንድሮ መጣ። አዲሷ ዲን ወጣት ናት፣ ቤቴ ድረስ መጣች፤ እኔ ካስተማርኳቸው ልጆች የአንዱ ልጅ ናት። «ጋሼ ሙሉጌታ፣ መምህር ጌታነህ ጡረታ ሊወጡ ነው። ለረጅም ዘመን የላቀ አገልግሎታቸው ልንሸልማቸው አስበናል። ጋቢውን የቀድሞ ባልደረባቸው ቢያለብሷቸው ደስ ይለናል» አለች። ደሜ ፈላ፤ ፊቴ ግን ፈገግ አለ። «ምን ችግር አለው ልጄ!» አልኳት። ከዚያ የማር ከበሮዋንም እንደሚያሳዩ ነገረችኝ። በዚያ ክፉ የጦርነት ጊዜ የብየዳ ማሽኑም፣ ጄኔሬተሩም፣ ወንበሩም ሲዘረፍ፣ አሮጌ በርሜል ማን ይወስዳል ተብላ እሷ ብቻ ቀርታ ነበር። ላያት ሄድኩ። ሠልጣኞቹ ለበዓሉ ብለው ከእግር እስከ ራሷ አረንጓዴ ቀብተዋታል፤ ቀለሙ ገና ይሸታል። ዘንጉ አንገት ላይ ዳበስኩ። ወስፌው እዚያው አለ፤ ቀለሙ ከላዩ ወፍሮ ከብረቱ ጋር አንድ አድርጎታል። የማያውቅ ሰው ቢያፈጥም አያየውም። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ለዲኗም እንዲህ አልኳት፦ «እንግዶቹ ፊት መምህር ጌታነህ ራሳቸው ቢያዞሯትስ? የሠራት ሰው ሲያዞራት ያምራል።» «በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው ጋሼ!» ብላ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። ወደ ቤቴ ስሄድ ዳገቱ አልታወቀኝም።

በበዓሉ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከደሃናም ከጽጽቃም የመጡ አሉ፤ ጡረተኞች ሁሉ ተጠርተን ፊት ለፊት ተደረደርን። ሁለተኛው ረድፍ ላይ አበሩን አየኋት፤ ሸብታለች፣ ምርኩዝ ይዛለች፣ ነጭ ቀሚሷ በእጅጉ ያምራል። ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰላም አለችኝ። ጌታነህ ከሚስቱ ጋር መጣ፤ ኮቱ ዛሬም ግራጫ ነው። ታሪኩ ተነበበ፤ «የፈጠራ ሰው» ሲባል ጥርሴን ነከስኩ። ከዚያ ዲኗ «አሁን መምህራችን በወጣትነታቸው የሠሯትን የማር ከበሮ ራሳቸው ያዞሩልናል!» ስትል ጭብጨባው ቀለጠ። ጌታነህ እንደ ሙሽራ ተነሣ። እጀታውን ያዘና ሳብ አደረገ። ዝም። ጠበቅ አድርጎ ሳበ። ዝም። በሁለት እጁ ሲያደርገው የበርሜሉ እግር ከመሬት ተነሥቶ ተመልሶ ጓ አለ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሌላው። ግንባሩ ላይ ላብ ሲወርድ አየሁ፤ እያንዳንዷ ጠብታ ለአንድ ዓመቴ ትሁንልኝ አልኩ።

«ሙሉጌታ፣ ምን ሆኖ ነው?» አለኝ ቀስ ብሎ።

ጋቢውን በክንዴ ይዤ አጠገቡ ነበርኩ። ማይክሮፎኑን ከዲኗ እጅ ተቀበልኩና «የሠራው ሰው ያውቀዋል፣ መምህር» አልኩ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ዲኗ አንዴ እሱን አንዴ እኔን እያየች «ጋሼ... ታዲያ ማን ነው የሠራው?» አለች።

«እኔ ነኝ» አልኩ። ሠላሳ ዓመት አፌ ውስጥ የኖረ ቃል ነው። «እኔ ነኝ የሠራሁት! ጣቴን እዩት! እሳቸው በር ላይ ቆመው ነበር!»

ጌታነህ ይክዳል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አልካደም። መሐረቡን አወጣ፣ ግንባሩን ጠረገ። «እውነቱን ነው» አለ። ዝቅ ባለ ድምፅ ደግሞ ለእኔ ብቻ «ግን አንተው አይደለህም እንዴ 'መምህር ጌታነህ ናቸው' ያልከው? ሰጥተኸኝ ወሰድኩ» አለኝ። ከዚያ ሄዶ ከሚስቱ አጠገብ ተቀመጠ፤ የተከፈተለትን ለስላሳ አልነካውም። ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ጡረተኞቹ ማጨብጨብ ጀመሩ፣ አዳራሹ ተከተላቸው፤ ዲኗ ግራ ተጋብታ ጋቢውን ከክንዴ ላይ ወሰደችና ለእኔው አለበሰችኝ።

«እንግዲህ ጋሼ፣ ያዙሩልና!» አለች።

ወስፌውን በጥፍሬ ስፈልግ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበርና አጣሁት። ቀለሙ ያንሸራትታል። አንዲት እጅ ከጎኔ መጣች። አበሩ ነበረች፤ ምርኩዟን እየጎተተች ወጥታለች። ሳትፈልግ፣ ሳትዳብስ ቦታውን አገኘችው፤ ቀለሙን በአውራ ጣቷ ጥፍር ልጣ ወስፌዋን መዘዘችው። ከበሮው በራሱ ግማሽ ዞሮ ቆመ። ጭብጨባው ጣሪያውን ነቀነቀው።

ዲኗ ማይክሮፎኑን አስጠጋችላት። «እማማ አበሩ፣ እርስዎም አብረው ሠርተው ነበር እንዴ?»

አበሩ ወስፌዋን በቀሚሷ እየጠረገች «ኧረ እኔ ምን አውቄ! እኔ ጠራጊ ነበርኩ» አለች። «እሳቸው ናቸው የሠሩት።»

ብላ ዞራ አየችኝ። ከቦታዋ አልተንቀሳቀሰችም። ጠበቀች።

ያን ጊዜ ያ ቅዳሜ ጠዋት እንዳለ መጣብኝ። የብስክሌቱ ጎማ ሲዞር፣ ጭቃ የነካው ነጠላዋን ይዛ እየሳቀች ያለችው ነገር። በዚያች እያሰበች በምትናገራት አማርኛ «ማሩም እንዲህ ቢዞር ጥሩ ነበር፤ ሰፈፉ ይቀር ነበር» ነው ያለችው። አባቷ ባለ ቀፎ ነበሩ። እኔ ሦስት ወር ለፋሁ፣ እውነት ነው፤ መጀመሪያ የተናገረችው ግን እሷ ናት። ይህን ሠላሳ ዓመት ለማንም አልተናገርኩም፤ ለራሴም ጭምር። «የለም፣ የለም፣ ሐሳቡ የእሷ ነው» ማለት የእኔ ተራ ነበር። ሁለት ቃል ነው። አዳራሹ ሁሉ ያየኛል፤ ጋቢው አዲስ ነው፣ ትከሻዬ ላይ ይከብዳል፣ ጌታነህም ከወንበሩ ሆኖ ዓይኑን ሳይነቅል ያየኛል። ቀና ብዬ ጋቢዬን አስተካከልኩ።

«አመሰግናለሁ» አልኩ።

አበሩ ራሷን ነቀነቀች፤ ወስፌዋን በሽበቷ ውስጥ ሰክታ ወረደች። ከሕዝቡ ሁሉ ጌታነህ ብቻ ነው ያላጨበጨበው።

ጧፍ የሚሠራበት ያ ትንሽ ቤት የእሷ ነው። ትናንት ዝናብ መጥቶ የላይኛው ዳገት ጭቃ ስለሆነብኝ በደጃፏ አለፍኩ። ሰሙ ምድጃው ላይ ይቀልጣል፤ እሷ ክሩን እየነከረች ታወጣለች፤ ወስፌው እዚያው ሽበቷ ውስጥ ነው። ብርድ ስለነበረ ያቺን የሽልማት ጋቢ ለብሼ ነበር። «እንደምን ዋሉ መምህር?» አለችኝ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኳት፤ ልፈጥን እግሬን አነሣሁ። ከኋላዬ፣ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የሌለበት፣ ሣቅም የሌለበት፣ እኔ ግን ደኅና አድርጌ የማውቀው ነገር ያለበት፣

«ይሞቃል ወይ ጋቢው?» አለችኝ።

«ይሞቃል» አልኳት።